የመጋዘን ውል በጓዳ ይመከራል

በጂቡቲ ከተማ መካከል፣ በረንዳቸው በቅስት በቅስት የተያያዘ ነጫጭ ቤቶች የከበቡት አንድ አደባባይ አለ። ፈረንሳዮች ከተማይቱን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ስም ሰይመውት ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ድረስ «ሜኔሊክ አደባባይ» እያለ ይጠራዋል። ጂቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ አደባባዩ በዚያው በነፃነቱ ቀን ተሰይሟል፤ ነገር ግን የቆየ ስም ከሰው አፍ ቶሎ አይወጣምና የቀድሞው ስም አልተረሳም። ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ስፍራው ጭር ይላል፤ ሲመሽና ከባሕሩ ነፋስ ሲነሣ ግን ከቅስቶቹ ሥር ያሉት ቡና ቤቶች በሰው ይሞላሉ። ነጋዴው፣ መርከበኛውና ትራንዚተሩ በየቋንቋው ይነጋገራል፤ የብዙዎቹም ወሬ መርከብ መቼ ገባ፣ ዕቃስ መቼ ወጣ የሚል ነው።

በጥር ወር አንድ ምሽት በዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ከአንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ጋር ተዋወቅሁ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ሳህንና ብርጭቆ፣ ድስትና ፔርሙዝ ከውጭ አገር እያስመጡ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ፊታቸው ደስታና ሥጋት ተቀላቅሎበት ነበር። በእጃቸው የያዙትን ወረቀት አንድ ጊዜ ያነቡታል፤ አንድ ጊዜ ያጥፉታል። የመጋዘን ኪራይ ውል ነበረ።

«ነገ ከቀትር በፊት እፈርማለሁ፤» አሉኝ። «500 ካሬ ሜትር አዲስ መጋዘን ነው። ከባቡሩ መሥመር ጋር ከተገናኘ የጭነት መናኸሪያ አጠገብ ነው። ለአምስት ዓመት እይዘዋለሁ፤ የሦስት ወሩን ኪራይ በቅድሚያ እከፍላለሁ። ገንዘቡን ከባንክ ለመበደር የምንኖርበትን ቤት ለማስያዝ አስቤአለሁ።»

«ባለቤትዎስ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ነጋዴው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ገና አልነገርኋትም፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደስ ላሰኛት ብዬ ነበር፤» ሲሉ መለሱልኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ መልስ ነው። የመጋዘን ኪራይ የወንዶችና የትልልቅ ድርጅቶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ቤት ለብድር በሚያዝበት ጊዜ ነገሩ የወደብ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የምድጃና የልጆች መኝታ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህም ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

መጋዘን ለምን ተፈለገ?

ነጋዴው መጋዘን መፈለጋቸው ስሕተት አልነበረም። እንዲያውም የከተማቸው ታሪክ ራሱ የሐዲድና የመጋዘን ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ ለማሠራት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ፤ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘም በኋላ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ስፍራ ደረሰ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር። በግመል ጀርባ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ዕቃ በፉርጎ መምጣት በጀመረ ጊዜ፣ በጣቢያው ዙሪያ መጋዘኖች ተሠሩ፤ በመጋዘኖቹ ዙሪያ ሱቆች፣ በሱቆቹም ዙሪያ የመኖሪያ ቤቶች ተከተሉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ለገሐር የሚለው ስምም የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የወጣ ነው።

ያ አሮጌ መሥመር ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ እየደከመ ሄዶ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሥራውን አቆመ። በዚህ መካከል የኢትዮጵያ ንግድ በጂቡቲ ላይ ያለው ጥገኝነት እጅግ በርትቶ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የአሰብ በር ስለ ተዘጋ፣ ወደ አገሪቱ ከሚገባውና ከሚወጣው የባሕር ጭነት ከመቶው ከ90 የሚበልጠው በጂቡቲ በኩል ያልፋል።

ሰፊውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲስ ሐዲድ፣ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በጂቡቲ በኩል ደግሞ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ለንግድ መደበኛ አገልግሎት መስጠት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በጭነት መኪና ሁለትና ሦስት ቀን የሚወስደውን መንገድ ባቡሩ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ሐዲዱ የሚደርስበት የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ግንቦት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ተከፈተ። የጂቡቲ ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጣናም፣ በ4,800 ሄክታር ላይ እንዲስፋፋ ታቅዶ፣ 240 ሄክታር የሆነው የመጀመሪያው ክፍል ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። በእኛም በኩል የሞጆው ደረቅ ወደብ ከአገሪቱ ደረቅ ወደቦች ሁሉ ታላቁ ሲሆን፣ የድሬዳዋው ነፃ የንግድ ቀጣና ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ተበሠረ።

እንግዲህ ዛሬ መጋዘን የሚፈልግ ነጋዴ ምርጫ አለው፤ ከባሕሩ ዳር፣ ከመንገዱ መካከል ወይም ከገበያው አጠገብ። በነፃ ቀጣና ውስጥ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ቀረጡን ወዲያው አይከፍልም፤ ዕቃው ወደ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ የወጣውን ያህል ይከፍላል። ዕቃውን ከኮንቴይነሩ አውጥቶ ስለሚያሳርፍም፣ ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ በመቆየቱ መርከብ ድርጅቶች የሚጠይቁትን ዲመሬጅ ያመልጣል። የመጋዘን ጥቅሙ ይህ ነው። አንድ ነጋዴ ጥቅሙን የሚያገኘው ግን ልኩን ሲያውቅ ብቻ ነው።

የእመቤቲቱ ሒሳብ

በዚያው ምሽት ነጋዴው ወደ ድሬዳዋ ስልክ ደወሉ። የተቈጡ ድምፅ ይሰማል ብዬ ስጠባበቅ የሰማሁት ሌላ ነበር። እመቤቲቱ እስኪጨርሱ ድረስ አዳመጧቸውና፣ «ነገ አትፈርም። ውሉን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝና አንድ ቀን ስጠኝ፤» አሏቸው። ከዚህም ሌላ ቃል አልተናገሩም።

እኚህ እመቤት የሱቁን መዝገብ ከሃያ ዓመት በላይ የያዙ ናቸው። በማግሥቱ ምሽት ነጋዴው ወደ አደባባዩ ሲመለሱ፣ ባለቤታቸው በልጅ ደብተር ላይ ጽፈው የላኩላቸውን ሒሳብ በስልካቸው አሳዩኝ። አምስት ጥያቄዎች ነበሩበት። ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅማሉ በማለት ከፈቃዳቸው ጋር እጽፋቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ዕቃችን ስንት ቀን ይተኛል?» የሚል ነበር። ነጋዴው በዓመት 60 ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ያስመጣሉ፤ በወር 5 መሆኑ ነው። በአንዱ ኮንቴይነር ውስጥ ፓሌት በሚባለው የእንጨት ርብራብ ላይ የተደረደረ ዕቃ 10 ርብራብ ያህል ይገባል። ብርጭቆና ሳህን ስለ ሆነ አንዱን ርብራብ በሌላው ላይ መጫን አይቻልም፤ ለፎርክሊፍት መተላለፊያም ያስፈልጋል። ስለዚህ ለአንድ ኮንቴይነር ዕቃ 25 ካሬ ሜትር ይበቃዋል ብለው ገመቱ። እንግዲህ ዕቃው በመጋዘን ውስጥ 30 ቀን ብቻ ቢቆይ፣ በአንድ ጊዜ የሚገኘው የ5 ኮንቴይነር ዕቃ ነው፤ 125 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። 90 ቀን ቢቆይ ግን የ15 ኮንቴይነር ዕቃ ይከማቻል፤ 375 ካሬ ሜትር ይጠይቃል። ዕቃው ያው፣ ነጋዴውም ያው ሆኖ ሳለ፣ ኪራዩ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

እመቤቲቱ በዚህ ብቻ አልቆሙም። መዝገባቸውን ገልጠው ያለፈውን ዓመት ሽያጭ መረመሩ። ሳህኑና ድስቱ በ25 ቀን ውስጥ ያልቃል። ፔርሙዙ ግን በርካሽ ተገኘ ተብሎ በብዛት የመጣ ስለ ሆነ አምስት ወር ተኝቷል። በደብተሩ ግርጌም፣ «የጠበበን ቦታ አይደለም፤ ፔርሙዙ ነው» ብለው ጽፈው ነበር። ነጋዴው ይህን ሲያነቡልኝ እያፈሩም እየሣቁም ነበር። 500 ካሬ ሜትር መከራየት ማለት የተሳሳተውን ትዕዛዝ በየወሩ ገንዘብ እየከፈሉ ማኖር ማለት እንደ ሆነ ተገነዘቡ። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሐዲዱ እስከ በሩ ይመጣል ወይ?» የሚል ነበር። ውሉ «ከባቡር መሥመር አጠገብ» ይላል እንጂ ፉርጎው ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ እንደሚራገፍ አይናገርም። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሐዲዱ ከበሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ዕቃው ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ፉርጎ ይገለባበጣል። በተገለባበጠ ቍጥር የጫኝና አውራጅ ክፍያ ይጨምራል፤ ብርጭቆም ይሰበራል። ከዚህም በቀር ባቡር እንደ ታክሲ አንድ መንገደኛ ይዞ አይነሣም። ባቡሩ የሚያተርፈው ፉርጎዎቹ ሞልተው ሲጓዙ ስለ ሆነ፣ አንድና ሁለት ኮንቴይነር ያለው ሰው የብዙ ነጋዴዎችን ጭነት አንድ ላይ ከሚያሰባስብ ዕቃ አስተላላፊ ጋር መስማማት ይኖርበታል። የማዳበሪያና የስንዴ መርከቦች በሚገቡበትም ወራት ቅድሚያው ለእነርሱ ይሰጣል፤ የገበሬው የዘር ጊዜ አይጠብቅምና ይህ ተገቢ ነው። ባለ ሳህኑ ግን ይህን ዐውቆ አስቀድሞ መዘጋጀት ይገባዋል።

ሦስተኛው «ኪራዩ በምን ገንዘብ ይከፈላል?» የሚል ነበር። የጂቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተቈራኘ ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ይመነዘራል፤ ይህም ልክ ብዙ ዓመት ሳይለወጥ ኖሯል። ነጋዴው ሳህን የሚሸጡት ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የአምስት ዓመት ውል የገባ ሰው ኪራዩ በወረቀቱ ላይ ባይጨምርም በኪሱ ውስጥ እጥፍ ሊሆንበት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ እመቤቲቱ፣ «ረጅሙን ውል በብር በምንከፍልበት አገር፣ አጭሩን ውል በፍራንክ በምንከፍልበት አገር እናድርገው፤» ሲሉ መከሩ።

አራተኛው ጥያቄ ስለ መጋዘኑ ጠባይ ነው። «ጣራው ምን ዓይነት ነው? ወለሉስ ከመንገዱ ከፍ ይላል ወይ?» በጂቡቲ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። አየር የማያስገባ የቆርቆሮ ጣራ ያለው መጋዘን ካርቶኑን ያደርቀዋል፤ ሙጫውን ያላቅቀዋል። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበትም ብረት ያዝጋል። ዝናብ እምብዛም በማይታወቅበት በዚያ አገር በኅዳር 2012 ዓ.ም. ድንገተኛ ጎርፍ ብዙ ቤትና ንብረት አጥፍቷል። ስለዚህ ዕቃን በርብራብ ላይ ማሳረፍ፣ ወለሉ ከፍ ያለ መሆኑን በዓይን ማየትና ለዕቃው በራሱ ስም ኢንሹራንስ መግባት ያስፈልጋል። የመጋዘኑ ባለቤት የሚገባው ኢንሹራንስ የሚጠብቀው ሕንፃውን እንጂ በውስጡ ያለውን የሰው ዕቃ አይደለምና።

አምስተኛውና የመጨረሻው ጥያቄ «መውጣት ብንፈልግስ?» የሚል ነበር። ነጋዴው ውሉን ደጋግመው ቢያነቡም ስለ መግባት እንጂ ስለ መውጣት የተጻፈ ነገር አላገኙም። ንግድ ሲቀዘቅዝ ቦታውን ለሌላ ማከራየት ይቻላል ወይ? ከሦስት ወር በፊት በማስታወቅ ውሉን ማፍረስ ይፈቀዳል ወይ? ንግድ ሲሰፋስ አጠገቡ ያለውን ቦታ ከሌላው ሰው በፊት የመጠየቅ መብት አለ ወይ? ኪራዩስ በየዓመቱ ስንት ይጨምራል? መብራቱን፣ ጥበቃውንና የፎርክሊፍቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለው፣ የአከራዩ ሠራተኛ በቡና መካከል የተናገረው መልካም ቃል ሁሉ በውሉ ውስጥ ካልገባ የለም ማለት ነው።

ውሳኔው

በሦስተኛው ቀን ነጋዴው እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ወደ አከራዩ ሄዱ። ሁሉ እንደ ፈለጉት አልሆነላቸውም። በመጀመሪያ የመረጡት ሰፊና ማዕዘን ላይ ያለ ቦታ በዚያው ሳምንት በሌላ ሰው ተያዘ። ውሉን ወደ አንድ ዓመት ስላሳጠሩትም የአንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ ከአምስት ዓመቱ ውል ይልቅ ከፍ አለባቸው። ይህን ያህል ጉዳት አለው። በሌላ በኩል ግን የተከራዩት 150 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ 125ቱ ለዘወትር ዕቃ፣ የተረፈው ደግሞ ለበዓላት ሰሞን ጭነት ነው። አጠገቡ ያለው ቦታ ሲለቀቅ መጀመሪያ እርሳቸው እንዲጠየቁ በጽሑፍ ገባላቸው። ቶሎ የማይሸጠውን ዕቃ ወደ ድሬዳዋ አምጥተው፣ ከሱቃቸው ቅርብ በሆነ ስፍራ በብር ሊያኖሩት ወሰኑ። ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ማለት ይኸው ነው። ቅድሚያው ከሱቁ ገንዘብ ስለ ተከፈለም ቤታቸው ለብድር ሳይያዝ ቀረ።

በመለያያችን ምሽት ከቅስቶቹ ሥር ተቀምጠን ሳለን፣ «ልጆቻችን የተወለዱት በዚያ ቤት ነው፤» አሉኝ። «እኔ ያየሁት የመጋዘኑን በር ነበር፤ እርስዋ ያየችው የቤታችንን በር ነው።»

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት መጋዘን መከራየት ክፉ ነው ማለት አይደለም። አዲሱ ሐዲድ ከባሕር እስከ ደጋ ተዘርግቶ፣ በየጣቢያው የጭነት መናኸሪያዎች በሚከፈቱበት በአሁኑ ጊዜ፣ አነስተኛ ነጋዴዎች ከትልልቆቹ ጋር አብረው እንዲጠቀሙበት መበረታታት ይገባቸዋል። ብቻቸውን መከራየት የማይችሉ ሦስትና አራት ነጋዴዎች አንድ መጋዘን በጋራ ይዘው ጭነታቸውን በአንድ ባቡር ቢያስመጡ ኪራዩም ማጓጓዣውም ይቀልላቸዋል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና። ነገር ግን ማንም ሰው ከመፈረሙ በፊት ዕቃው የሚተኛበትን ቀን ይቍጠር፤ ሐዲዱን እስከ በሩ በእግሩ ሄዶ ይይ፤ የሚከፍልበትን ገንዘብ ከሚያገኝበት ገንዘብ ጋር ያስተያይ፤ መውጫውንም በጽሑፍ ያስገባ።

እናቶቻችን ጎተራ ሲያሠሩ በመጀመሪያ የሚጠይቁት የጎተራውን ስፋት ሳይሆን የዓመቱን ቀለብና ከቤቱ የሚበላውን አፍ ነበር። ጎተራው ከእህሉ በላይ ሲሰፋ አይጥ እንደሚገባበት ያውቁ ነበርና። ዛሬም የቤቱን መዝገብ የያዘች እመቤት ያልተጠየቀችበት የመጋዘን ውል እንዳይፈረም፣ ባልና ሚስት ብዕሩን ከማንሣታቸው በፊት ደብተሩን አብረው ይግለጡ።